ሚዛንና ምስክር

ለኬሚስትሪ ተማሪ በመጀመሪያዎቹ የቤተ ሙከራ ክፍለ ጊዜያት ከሚሰጡት ትእዛዞች አንዱ «ዓይንህን ከፈሳሹ ጋር እኩል አድርግ» የሚል ነው። በመስፈሪያ ብርጭቆ ውስጥ ያለ ውሃ ጠርዝ ጠርዙ ወደ ላይ ሳብ ብሎ መሐሉ ይጎደጉዳል፤ የሚነበበውም የጎድጓዳው ሥር ነው። ቆሞ ቁልቁል ያየ ተማሪ ካለው አብልጦ ያነባል፤ አንጋጦ ያየ ደግሞ አሳንሶ ያነባል። ውሃው በሁለቱም ጊዜ ያው ነው፤ ልዩነቱን ያመጣው የተመልካቹ አቋም ነው። ስለዚህ ተማሪው ጉልበቱን ሸብረክ፣ አንገቱን ዘንበል አድርጎ ወደ ውሃው ልክ ይወርዳል።

ትእዛዙ ለፈተና ተሸምድዶ የሚረሳ ተራ የአሠራር ደንብ ይመስላል። እኔ ግን በትምህርት ቤት ከሚሰጡ የሥነ ምግባር ትምህርቶች መካከል ይህን የሚስተካከል አላውቅም። ልጆች እውነትን እንዲወዱ በቃል ይመከራሉ፤ እውነት ምን ያህል እንደሚያደክም በገዛ አካላቸው የሚማሩት ግን ሲለኩ ነው። ነገሩ ወደ ሰው አይመጣም፤ ሰውየው ወደ ነገሩ ልክ መውረድ አለበት። ምኞቱ፣ ችኮላው፣ መምህሩ ይፈልገዋል ብሎ የሚገምተው መልስ ሁሉ ለጊዜው ወደ ጎን ይባላሉ።

ቀጥሎ የሚመጣው ትምህርት ከዚህም ይጠልቃል። አንድ ተማሪ 25 ሚሊ ሊትር ብሎ ጻፈ፤ ሌላው 25.0 ሚሊ ሊትር አለ። ለሒሳብ መምህር ሁለቱ እኩል ናቸው። ለኬሚስትሪ መምህር ግን አይደሉም፤ ሁለተኛው ልጅ እስከ ሚሊ ሊትሩ አንድ አሥረኛ ድረስ አይቻለሁ ብሎ ቃሉን ሰጥቷል። ያች ዜሮ ባዶ አይደለችም፤ ምስክርነት ናት። መሣሪያው ያንን ያህል ሳያሳየው ዜሮዋን ጨምሮ ከሆነ በሐሰት መስክሯል። ያየውንም ደብቆ አሳጥሮ ከጻፈ ምስክርነቱን አጉድሏል። እንግዲህ የተለካ ቁጥር ሁሉ ሁለት ነገር ይናገራል፤ ነገሩ ስንት እንደሆነና ተናጋሪው ምን ያህል እንዳወቀ። የመጀመሪያውን ብቻ የያዘ ቁጥር ገና ግማሽ እውነት ነው።

የሐሰት ሚዛን ድሮም የተወገዘ ነው። የኦሪት ሕግ በከረጢት ውስጥ ሁለት ዓይነት የሚዛን ድንጋይ መያዝን ከልክሏል፤ ቁርኣንም ሲሰፍሩ በሚያጎድሉ ሰዎች ስም የተጠራ ሙሉ ምዕራፍ፣ ሱረቱል ሙጠፊፊን፣ አለው። የእኛም ሰው በሰፈሩት ቁና መሰፈር አይቀርም ይላል። እነዚህ ሁሉ የሚያስጠነቅቁት ሚዛኑን የሚያዛባውን ሰው ነው። ቤተ ሙከራ የሚጨምረው ማስጠንቀቂያ ግን ሌላ ነው፤ ሚዛኑ ትክክል ሆኖ፣ እጁም ንጹህ ሆኖ፣ ሰው ካየው በላይ ሊናገር ይችላል። ይህኛው በደል ስለማይታይ ይከፋል፤ የሚፈጽመውም ብዙ ጊዜ ክፉ ሰው ሳይሆን የተማረና የቸኮለ ሰው ነው።

ይህን ሐሳብ በካርቱም ላይ መፈተን እፈልጋለሁ፤ ልኬት ሲያድንም ሲያጠፋም የታየባት ከተማ ናትና።

ከጣና የሚወጣው ጥቁር አባይና ከደቡብ የሚመጣው ነጭ አባይ ሞግረን ከሚባለው ስፍራ ላይ ይገናኛሉ። ነጭ አባይ በሱድ ረግረግ ውስጥ ተንጣሎ ስለሚያዘግም መጠኑ ዓመቱን ሙሉ ብዙ አይለዋወጥም። ጥቁር አባይ ግን በተፈጥሮው በበጋ ሰልሎ በክረምት በብዙ እጥፍ የሚሞላ ነው። እ.ኤ.አ. በመስከረም 2020 ካርቱም ላይ የወንዙ ከፍታ ከ17 ሜትር ተኩል አለፈ፤ የ1946ንና የ1988ን ታላላቅ ጎርፎች በለጠ። ይሁንና 17 ሜትር ተኩል ብቻውን ምንም አይናገርም። ብዙ መሆኑን ያወቅነው አንባቢዎች ትውልድ እየተቀባበሉ፣ ጎርፍ ባልነበረባቸውና ማንም ባልጠየቃቸው ቀኖች ጭምር፣ የውሃውን ልክ ጽፈው ስላቆዩ ነው። ልኬት የዕለት ሥራ ቢመስልም ትርጉሙን የሚያገኘው ከትናንትና ልኬት ነው፤ ዛሬ በታማኝነት የሚነበበውም ገና ላልተወለደ ሰው የሚቀመጥ ምስክርነት ነው።

ያው ወንዝ ሌላም ትምህርት ይዞ ይወርዳል። ታላቁ የሕዳሴ ግድብ ከመሠራቱ በፊት ጥቁር አባይ ከኢትዮጵያ ደጋዎች በዓመት ከ100 ሚሊዮን ቶን በላይ ደለል ጠርጎ ይወስድ ነበር። በክረምት የሚቀዳው ውሃ ጭቃ ነበር። በሱዳን በወንዙ ዳርቻ የሚኖሩ ሴቶች ይህን ውሃ የሚያጠሩበት የቆየ ዘዴ ነበራቸው፤ ሸጀረት አል-ረዋግ የሚሉትን የሞሪንጋ ዛፍ ፍሬ ወቅጠው፣ በጥቂት ውሃ በጥብጠው፣ ዚር በሚባለው የሸክላ ጋን ውስጥ ይጨምሩታል። ቆይቶ ጭቃው ይዘቅጣል፤ ውሃው ከላይ ይጠራል። የዛፉ የሥጋ ዘመድ ኮንሶ ላይ የሚበቅለው የእኛው ሽፈራው ነው። በካርቱም ለብዙ ዓመታት የሠሩት ተመራማሪ ሳሚያ አል አዝሃሪያ ያን፣ ይህን የሴቶች ዕውቀት ከየመንደሩ ሰብስበው በቤተ ሙከራ ፈተኑት፤ በባህላዊ የውሃ ማጣሪያ ዘዴዎች ላይ የጻፉትም መጽሐፍ እ.ኤ.አ. በ1981 ታተመ።

ከኬሚስትሪ አንጻር የሚሆነው ይህ ነው። የሸክላ አፈር ቅንጣቶች አሉታዊ የኤሌክትሪክ ሙሌት ስላላቸው እርስ በርስ ይገፋፋሉ፤ ለዚህም ነው ሳይዘቅጡ የሚንሳፈፉት። በፍሬው ውስጥ ያለው ፕሮቲን አዎንታዊ ሙሌት አለው። ቅንጣቶቹን አያይዞ ያከብዳቸዋል፤ ሲከብዱም ይወርዳሉ። የዘጠነኛ ክፍል ተማሪ ሊረዳው የሚችል ነገር ነው፤ ከመንደሩ ጋንም አይርቅም።

እዚህ ላይ አንድ ጥያቄ ይነሳል። ሴቶቹ ያለ ሚዛን ካወቁት፣ ሚዛኑ ምን ጨመረ? መልሱን በሁለት ከፍዬ እመልሰዋለሁ። አንደኛ፣ የእጅ ዕውቀት ከእጁ ባለቤት ጋር ይኖራል፣ ከባለቤቱም ጋር ይሞታል። በግራምና በሊትር የተነገረ ዕውቀት ግን ዛፉን እንጂ ሴትየዋን ወደማያውቅ አገር ሊሻገር ይችላል። በካርቱም ገበያ ረጥልና አርደብ፣ በእኛ ገበያ ቁናና ፈረሱላ ሲነገር ለመተማመን የአካባቢው ሰው መሆን ያስፈልጋል፤ አንድ ግራም ግን እንግዳና ባለ አገር ሳይል ለሁሉም አንድ ነው። ሁለተኛው መልስ ይበልጥ ይከብዳል። ልኬቱ ፍሬው ከጭቃው ጋር ከባክቴሪያው አብዛኛውን እንደሚያወርድ አሳይቷል፤ ሁሉንም ግን አያወርድም፤ ውሃው ሲቆይም የቀረው እንደገና ሊራባ ይችላል። ዓይን ጠራ ያለውን ውሃ ልኬት ገና አልነጻም አለው። ልኬት የአያቶችን ዕውቀት አላጣጣለም፤ አከበረው፣ ዳር ድንበሩንም አሳየው። ድንበሩ የታወቀ ዕውቀት ብቻ ነው ልጅን ሳይጎዳ የሚያገለግለው።

ካርቱም ከዘመናዊ ቤተ ሙከራ ጋር የተዋወቀችው ቀደም ብላ ነው። በእንግሊዞች ዘመን እ.ኤ.አ. በ1902 የጎርደን መታሰቢያ ኮሌጅ ተከፈተ፤ በዓመቱ በመድኃኒት ነጋዴው ሄንሪ ዌልካም ስጦታ በዚያው በኮሌጁ የሐሩር አገር ምርምር ቤተ ሙከራ ተቋቋመ። የመጀመሪያው ዳይሬክተር አንድሩ ባልፎር ነበር፤ በኬሚስትሪው በኩል ዊልያም ቢም የሚባል ኬሚስት ይሠራ ነበር። ቢም ሐሺሽን ለመለየት የሚያስችል የቀለም ምርመራ አወጣ፤ ናሙናው ከአልኮልና ከፖታሲየም ሃይድሮክሳይድ ጋር ሲገናኝ ሐምራዊ ይሆናል። ምርመራው በስሙ ተጠርቶ በዓለም ዙሪያ አገለገለ። ዘመን አልፎ የተክሉ ንጥረ ነገሮች በየራሳቸው ተለይተው ሲታወቁ ግን ቀለሙን የሚያመጣው ሰውን የሚያሰክረው ንጥረ ነገር እንዳልሆነ ታየ፤ የሚያመጣው በዚያው ተክል ውስጥ አብሮት የሚኖረው፣ የማያሰክረው ካናቢዲዮል ነው።

ቢም አልዋሸም፤ ሐምራዊ አየ፣ ሐምራዊ ጻፈ። ሆኖም ሐምራዊው የመሰከረው ስለ ሌላ ነገር ነበር። ይህን ታሪክ ለተማሪ ብነግረው ደስ ይለኛል፤ «ስንት ነው?» ከሚለው ጥያቄ በፊት «የለካኸው በእርግጥ ምኑን ነው?» የሚል ጥያቄ እንዳለ ስለሚያስተምር። መሣሪያ ለተጠየቀው ይመልሳል፤ ጠያቂው ያሰበውን አያውቅም።

አሁን ወደ ከባዱ ምሳሌ እመጣለሁ። እ.ኤ.አ. ነሐሴ 7 ቀን 1998 ናይሮቢና ዳሬሰላም የነበሩት የአሜሪካ ኤምባሲዎች በቦምብ ጋዩ፤ ብዙ ሰዎች አለቁ። ከሁለት ሳምንት ባልበለጠ ጊዜ፣ ነሐሴ 20 ቀን፣ የአሜሪካ ክሩዝ ሚሳይሎች በካርቱም ባሕሪ የሚገኘውን የአል-ሺፋ መድኃኒት ፋብሪካ አፈረሱት። ከቀረቡት ምክንያቶች ዋነኛው የኬሚስትሪ ውጤት ነበር፤ ከፋብሪካው አቅራቢያ በስውር በተወሰደ የአፈር ናሙና ውስጥ ኤምፕታ የሚባል፣ ቪኤክስ የተሰኘውን የነርቭ መርዝ ለመሥራት የሚውል ውህድ ተገኝቷል ተባለ። ፋብሪካው ለሰውና ለእንስሳት መድኃኒት የሚያመርት ነበር።

ከጥቃቱ በኋላ የዓለም ኬሚስቶች የጠየቁት የሁለተኛ ደረጃ ተማሪ ሊጠይቀው የሚገባውን ነው። ናሙናው ስንት ነው? አንድ። ከሌላ ቦታ የተወሰደ የማነጻጸሪያ አፈር አብሮ ተመርምሯል? ከመሬቱ እስከ ቤተ ሙከራው ድረስ በማን በማን እጅ አለፈ? ሌላ ቤተ ሙከራ ደግሞታል? ምርመራው በቅርጽ ከሚመሳሰል ፀረ ተባይ ኬሚካል ጋር አላምታታውም? ከዚያ በኋላ በፋብሪካው ባለቤት ጠበቆች ጥያቄ የቦስተን ዩኒቨርሲቲው የኬሚስትሪ ሊቅ ቶማስ ተሊየስ ከፍርስራሹ ናሙናዎች ወሰዱ፤ በምርመራው የኤምፕታ ምልክት አልተገኘም። ሱዳን የተባበሩት መንግሥታት መርማሪ ይላክልኝ ብላ ጠየቀች፤ አልተላከም። እ.ኤ.አ. በ1999 አሜሪካ ያገደችውን የፋብሪካውን ባለቤት ገንዘብ ለቀቀች፤ ባለሥልጣኖቿ ግን ውሳኔው ትክክል ነበር ማለታቸውን ቀጠሉ።

በዚያ አፈር ውስጥ በመጀመሪያው ቀን ምን እንደነበረ ዛሬ ማንም መልሶ ሊለካው አይችልም። ፍርዴ ግን በዚያ ላይ አይንጠለጠልም። አንድ ልኬት፣ ማነጻጸሪያ ሳይቀርብለት፣ ሌላ እጅ ሳይደግመው፣ ሚሳይል ለማስወንጨፍ በቂ ሆኖ ተቆጠረ። አንድ መምህር የተማሪን ውጤት በአንድ ንባብ አይቀበልም፤ ሂድና ሦስት ጊዜ ድገመው ይለዋል። ለአንድ ብርጭቆ ኮምጣጤ የምንጠይቀውን ጥንቃቄ ለአንድ ከተማ ነዋሪዎች ሕይወት ካልጠየቅን፣ ኬሚስትሪን አስተምረን የኬሚስትሪን ሕሊና አላስተማርንም ማለት ነው።

ልኬት በጦር ብቻ ሳይሆን በብዕርም ይበድላል። እ.ኤ.አ. በ1959 ግብፅና ሱዳን የአባይን ውሃ ሲካፈሉ መነሻቸው 84 ቢሊዮን ሜትር ኩብ የሚል ቁጥር ነበር፤ 55.5 ለግብፅ፣ 18.5 ለሱዳን፣ ቀሪው 10 በትነትና በስርገት ለሚጠፋው ተባለ። 84 ከምዕተ ዓመቱ መባቻ እስከዚያ ዘመን አስዋን ላይ የተለካው ፍሰት አማካይ ነው። አማካይ መሆኑ አይነቀፍም፤ የሚነቀፈው አማካዩ እንደ ቋሚ ሀብት መቆጠሩ ነው። ወንዙ በድርቅ ዓመት ከዚያ እጅግ ያንሳል፣ በጥጋብ ዓመት እጅግ ይበልጣል። የስህተት ወሰኑና መዋዠቁ ከቁጥሩ ላይ ተቆርጦ ሲጣል መብት የሚመስል ነገር ቀረ። ከሁሉ የሚገርመው ግን ከውሃው 86 በመቶ ያህሉ የሚመነጭባት ኢትዮጵያ በዚያ ሒሳብ ውስጥ ድርሻ ሳይጻፍላት መቅረቷ ነው። ልኬቱ የተደረገው ከታች፣ ውሃው ከደረሰበት ነው፤ መነሻው አልተጠየቀም። የውሃውን ጎድጓዳ ቁልቁል እንዳየው ተማሪ፣ ተዋዋዮቹም ቁጥሩን ያነበቡት ከቆሙበት ሆነው ነው። አቋምን ሳይናገሩ ቁጥርን ብቻ መናገር ሙሉ ምስክርነት አይሆንም።

ይህን ሁሉ ያልኩት ስለ መንግሥታት ለመፍረድ አይደለም፤ ስለ ክፍል ውስጥ ለመናገር ነው። በአገራችን በ1997 ዓ.ም. የሁለተኛ ደረጃ ሳይንስ በሳተላይት፣ በፕላዝማ ቴሌቪዥን መሰጠት ሲጀምር፣ ቤተ ሙከራ በሌለው ትምህርት ቤት ያለ ልጅ ቢያንስ ታይትሬሽን የሚባለው በጠብታ የመለካት ሙከራ ምን እንደሚመስል አየ። ያ ትንሽ ነገር አይደለም። ሆኖም ስክሪን ላይ ያለ ቡሬት፣ ጠብታ የሚለካበት መስፈሪያ፣ ሁልጊዜ ትክክለኛውን ቁጥር ያነባል። ጠብታ አያመልጠውም፣ ቀለሙም ከልክ አያልፍም። ልጁ ያየው ውጤቱን ነው፤ ውጤቱ የተወለደበትን ጥርጣሬ አላየም። 18 ግራም ውሃ ውስጥ 6.02 ሲባዛ በ10 ኃይል 23 ሞለኪውሎች እንዳሉ የሚሸመድድ፣ አንድም ቀን 18 ግራም ውሃ መዝኖ የማያውቅ ተማሪ የሌላ ሰው ምስክርነት ተቀባይ ብቻ ነው። ሞል የሚባለው ይህ የብዛት መለኪያ ከሰው ልጅ ታላላቅ ጥበቦች አንዱ ነው፤ ቆጥረን የማንዘልቀውን መዝነን የምንደርስበት ድልድይ። በድልድዩ ያልተሻገረ ግን ወዲያ ማዶ ያለውን በወሬ ነው የሚያውቀው።

በካርቱም ደግሞ የመማር ዕድሉ ራሱ ከነጭራሹ ተቋረጠ። እ.ኤ.አ. ሚያዝያ 15 ቀን 2023 ጦርነት ሲነሳ ትምህርት ቤቶች ተዘጉ፤ የሱዳን የሁለተኛ ደረጃ መልቀቂያ ፈተና እንደገና ለመሰጠት እስከ 2024 መጨረሻ ቆየ፤ ያኔም ብዙ ተማሪዎች ሊደርሱበት አልቻሉም። ከደርግ ዘመን ጀምሮ በመተማ በኩል ተሻግረው በካርቱም ኑሮ የመሠረቱ ኢትዮጵያውያን ልጆቻቸውን ይዘው በዚያው በመተማ ተመለሱ። ሱዳናውያንም በኩመርና በአውላላ መጠለያዎች በአማራ ክልል ተጠለሉ። እነዚህ ልጆች ከሚያስፈልጋቸው ነገር መካከል ቢከርና ቡሬት የመጨረሻው ሊመስል ይችላል። እኔ እንደዚያ አላስብም። ወሬ በሚነዛበት፣ እያንዳንዱ ወገን ቁጥር በሚወረውርበት ጊዜ «በምን ለካኸው?» ብሎ የሚጠይቅ ወጣት ማሳደግ የቅንጦት ትምህርት አይደለም።

ለዚህም ውድ ዕቃ አያስፈልግም። ካርቱም ለእንግዳ የምታቀርበው ከርከዴ ቀለሙ የአሲድና የቤዝ ጠቋሚ ነው፤ ሎሚ ሲገባበት ይቀላል፣ ከምዕራብ ሱዳን በረሃ የሚመጣው አትሩን የሚባል ቤዝ ሲበጠበጥበት ወደ ሰማያዊና አረንጓዴ ይለወጣል። መርፌ የሌለው ባለ 5 ሚሊ ሊትር ሲሪንጅ ጥሩ መስፈሪያ ነው። በአምስት ቡድን የተከፈለ ክፍል ከርከዴ የገባበትን የአንድ ሎሚ ጭማቂ ቀለም ለመለወጥ ስንት ሚሊ ሊትር የአትሩን ውሃ እንደሚፈጅ ቢለካ አምስት የተለያዩ ቁጥሮች ይመጣሉ። ትምህርቱ የሚጀምረው ያኔ ነው። ለምን ተለያየን? ማን ዓይኑን አወረደ? ማን ቸኮለ? የቱ ልዩነት ከሎሚው መጣ፣ የቱስ ከእኛ? ልጆች ያለ ጠብ መለያየትን፣ ያለ እፍረት መታረምን የሚማሩበት ከዚህ የተሻለ መድረክ አላውቅም።

ስለዚህ ለሳይንስ መምህራን የምለው ይህን ነው። ከሌሎቹ የተለየውን ቁጥር ከሰሌዳው ላይ አታጥፉ፤ ያየውን የጻፈ ልጅ ትክክለኛውን መልስ ከጓደኛው ከገለበጠው ልጅ ይልቅ ማርክ ይገባዋል። የትምህርት በጀት ለምትመድቡ ደግሞ፣ ከስክሪኑ በፊት ሚዛኑን ግዙ። አንተም አንባቢዬ፣ ከመንግሥትም ከተቃዋሚም፣ ከባዕድም ከወገንም፣ ቁጥር ሲነገርህ ሦስት ነገር ጠይቅ፤ ምኑን ለካችሁ? ስንት ጊዜ ደገማችሁት? ምን ያህል ልትሳሳቱ ትችላላችሁ? ለእነዚህ መልስ የሌለው ቁጥር፣ ከማንም አፍ ይውጣ፣ ምስክር ሆኖ ሊቆም አይገባውም።